አልፍሬድ ቢኔ፤ ራሱን ማረም ያወቀ ተመራማሪ



ለዘንድሮው መጽሔታችን ከሳይንስ ታሪክ አንድ ሰው መርጬ ሕይወቱን እንድጽፍ አዘጋጆቹ ሲጠይቁኝ፣ አንድ ስመ ጥር ሐኪም እንደምመርጥ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ የመረጥኩት ግን ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው። በሕግ ተመረቀ፤ ቆይቶ ደግሞ በነፍሳት የነርቭ ሥርዓት ላይ ባደረገው ጥናት በተፈጥሮ ሳይንስ ዶክትሬቱን አገኘ። ስሙ አልፍሬድ ቢኔ ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ በየአገሩ አይኪው እየተባለ የሚነገረው የማሰብ ችሎታ መለኪያ ሥሩ ሲመዘዝ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ለምን እሱን እንደመረጥኩ እንዲገባችሁ ግን አስቀድሜ ስለ አንድ የሕመምተኛ ካርድ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ተመርቀን ዕጣ ስናወጣ የደረሰኝም ከአገሬ ብዙም ያልራቀ ቦታ ነበር፤ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ አባይ በሚወርደው ደጋ ካሉት ጤና ተቋማት አንዱ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሐኪሞቹ ሁለት ብቻ ነበርን። አንድ የገበያ ቀን፣ ወረፋው አጥሩ ድረስ ደርሶ ሳለ፣ አንዲት እናት ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ አይናገርም። ስጠራው አይዞርም። ስሙን ብጠይቀው ፈገግ ብሎ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይይዛል። እናትየው ለካ ከቆላ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ኖሯል፦ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ላስገባው ወይ? አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ካርዱ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ብዬ ጻፍኩ። ለእሷም ልጁ ለትምህርት እንደማይሆን፣ ከብት እየጠበቀ ቢያግዛት እንደሚሻል ነገርኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ልጅ ጆሮው መግል እያፈሰሰ መጣ። አብራኝ የምትሠራው አንጋፋ ነርስ ምንም ሳትናገር ከኋላው ቆመችና የብረት ሳህን ወለሉ ላይ ለቀቀችው። እኔ ደነገጥኩ፤ ልጁ አልደነገጠም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በተመላለሰበት የጆሮ ሕመም ምክንያት አይሰማም ነበር። ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀውን ጫካ ከልጅነታችን ጀምሮ ደንቆሮ ጫካ እያልን ነው የምንጠራው፤ በቋንቋችን ደንቆሮ ማለት የማይሰማም ነው፣ የማያውቅም ነው። እኔም ነጭ ጋወን ለብሼ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሁለቱን አንድ አድርጌ ጻፍኳቸው። የልጁን ሁለት የትምህርት ዘመን የበላሁበት እኔ ነኝ።

ስለ ቢኔ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች፣ ዓ.ም ካልተባለ በቀር፣ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሕግ ወደ ሳልፔትሪየር

ቢኔ የተወለደው ጁላይ 8 ቀን 1857 በኒስ ከተማ ነው። ኒስ ያን ጊዜ ገና የፈረንሳይ አልሆነችም ነበር፤ በሰርዲኒያ መንግሥት ሥር ነበረች። በእኛ በኩል ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ከያዙ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። አባቱ ሐኪም ነበር፤ እናቱ ደግሞ ሥዕል ትሥል ነበር። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለተለያዩ ያደገው በእናቱ እጅ ነው። አባትየው የልጁን ፍርሃት አስለቅቃለሁ ብሎ አስከሬን እንዲነካ አስገድዶታል ተብሎ ይነገራል። የአናቶሚ ክፍል የመጀመሪያ ቀናችንን የምናስታውስ ሁሉ በዚህ ልጅ አንፈርድበትም።

እናቱ ወደ ፓሪስ ወሰደችው፤ እዚያም ስም ባለው በሉዊ ለ ግራን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1878 የሕግ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ጥብቅናው ግን አልሳበውም። ሕክምና ጀመረ፤ እሱንም ተወው። ቤተሰቡ ሀብት ስለነበረው የዕለት እንጀራ አላስጨነቀውም። ስለዚህ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ማንበብ ያዘ። መምህር አልነበረውም። በ1880 የመጀመሪያ ጽሑፉን ስለ መዳሰስ ስሜት ሲያወጣ፣ ጆሴፍ ዴልቤፍ የተባለ የቤልጂግ ምሁር ነገሩ ቀድሞ የተሠራ መሆኑን እየጠቀሰ ተቸው። ይህ ስም ኋላም ይመለሳል።

ከዚያ ቢኔ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ገባ። የሆስፒታሉ ታላቅ ሰው ዣን ማርታን ሻርኮ ነበር፤ እኛ በሻርኮ መገጣጠሚያና በሻርኮ ማሪ ቱዝ የምናውቀው። ሻርኮ በዚያ ዘመን ሂስቴሪያ ያለባቸውን ሴቶች በሂፕኖቲዝም እያስተኛ በተማሪዎቹ ፊት ያሳይ ነበር። ቢኔ ከሻርል ፌሬ ጋር ሆኖ አንድ አስደናቂ የሚመስል ነገር አገኘሁ አለ። ማግኔት ወደ ታማሚዋ ሲጠጋ፣ በቀኝ በኩል የነበረው ሽባነት ወይም መደንዘዝ ወደ ግራ ይዛወራል ተባለ። በ1887 ሁለቱ መጽሐፍም አወጡበት።

ዴልቤፍ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ሳልፔትሪየር ሄደ። ያየው አላማረውም። ተመራማሪዎቹ ምን እንደሚጠብቁ ጮክ ብለው የሚነጋገሩት ታማሚዋ እየሰማቻቸው ነው። ማግኔቱም የሚወጣው ዓይኗ ሥር ነው። ስለዚህ የምትሠራው የሚጠበቅባትን ነበር። ቢኔ መጀመሪያ ላይ በቁጣ ተከራከረ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ፤ በመጨረሻ ግን መሳሳቱን በአደባባይ አመነ። በ1890 ሳልፔትሪየርን ለቀቀ። ወጣት ተመራማሪ በእንደ ሻርኮ ያለ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በስሙ ታትሞ የወጣውን ሥራ ስሕተት ነበር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ መምህራን የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚጠብቁትን ውጤት በራስ እጅ የመፍጠር አደጋ ከሐሳቡ አልጠፋም። በ1900 ስለዚሁ፣ ሰው ለሌላው ሐሳብ እንዴት እንደሚሸነፍ፣ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ።

ሁለቱ ሴት ልጆች

በ1884 ቢኔ ሎር ባልቢያኒን አገባ፤ የታዋቂው የፅንስ ጥናት ሊቅ የኤድዋር ባልቢያኒ ልጅ ናት። ማድሌን በ1885፣ አሊስ በ1887 ተወለዱ። ሳልፔትሪየርን ለቆ ቤት በዋለበት ጊዜ ቤተ ሙከራው የራሱ ሳሎን፣ ተጠኚዎቹም እነዚህ ሁለት ልጆች ሆኑ።

በዘመኑ ብልህነትን እንለካለን የሚሉ ሁሉ የሚለኩት ዓይን ምን ያህል እንደሚለይ፣ እጅ ምን ያህል እንደሚፈጥን ነበር። ቢኔ ይህንኑ በልጆቹ ላይ ሞከረው። ሁለት መስመሮች አሳይቶ የትኛው ይረዝማል ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ትንንሾቹ ልጆች ከአዋቂ ብዙም አላነሱም። አንድን ዕቃ ምን እንደሆነ እንዲያስረዱት ሲጠይቅ ግን ልዩነቱ ፊት ለፊት ታየ፤ ልጅ ዕቃውን የሚገልጸው በሚሰጠው ጥቅም ነው፣ አዋቂ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ማሰብን ማጥናት ከተፈለገ፣ መጠየቅ ያለበት የሚያሳስብ ነገር እንደሆነ ተረዳ።

ሌላም ነገር አየ። እህትማማቾቹ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ አድገው አስተሳሰባቸው አይመሳሰልም። አንዷ ረጋ ያለች፣ ያየችውን በዝርዝር የምትናገር ነበረች። ሌላዋ ሐሳቧ የሚርቅ፣ ምናብ የሚያደላባት ነበረች። ለሁለቱ ሌላ ስም ሰጥቶ ይህን ሁሉ በ1903 በመጽሐፍ አወጣው። ከሁለቱ የትኛዋ ትበልጣለች ለሚል ጥያቄ ግን መልስ አልፈለገም። የፈለገው የእያንዳንዷ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነበር።

ደመወዝ የሌለው የሶርቦን ሰው

በ1891 ቢኔ በሶርቦን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ያለ ደመወዝ ለመሥራት ጠይቆ ገባ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ኃላፊው ሆነ፤ እስኪሞትም በዚያው ቆየ። በ1894 በነፍሳት ነርቭ ላይ የሠራውን የዶክትሬት ጥናት አቀረበ። በዚያው ዓመት ያለ ወረቀት ትላልቅ ቁጥር ስለሚያሰሉና ቼዝ ሰሌዳ ሳያዩ ስለሚጫወቱ ሰዎች የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ አስነግረው ሠራዊታቸው ወረኢሉ ላይ እንዲገናኝ በቀጠሩበት በ1895 ደግሞ፣ ቢኔ የመሠረተው ዓመታዊ የሥነ ልቦና መጽሔት የመጀመሪያ ቅጹ ታተመ። ዛሬም ይታተማል።

የፕሮፌሰርነት ወንበር ግን በአገሩ ሳያገኝ ሞተ። በ1895 ቡካሬስት ሄዶ ሲያስተምር እዚያ ወንበር ቢሰጡትም አልተቀበለም። ፓሪስ ላይ ኮሌዥ ደ ፍራንስ በ1902 የመረጠው ፒየር ዣኔን ነው፤ የሶርቦኑም ለሌላ ሰው ሆነ። ሰው ጋር መቀላቀል የማይወድ፣ ደጅ መጥናት የማይችልበት ዓይነት ሰው እንደነበር ይነገራል።

ሁለተኛው ትልቅ እርማቱ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። በአንጎል የንግግር ክፍል ስሙን የምናውቀው ፖል ብሮካ፣ የራስ ቅል መጠን ከብልህነት ጋር ይሄዳል ብሎ ያስተማረበት ዘመን ነበር። ቢኔም አምኖበት መለኪያውን ይዞ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞረ። መምህራን ጎበዝ ያሏቸውንና ሰነፍ ያሏቸውን ልጆች ራስ ለካ። ልዩነቱ ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ አንዳንድ ጊዜም የሰነፎቹ ይበልጥ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን ራሱ ላይ ያገኘው ነው። ደካማ ነው የተባለውን ልጅ ሲለካ፣ እጁ ሳይታወቀው ቁጥሩን ወደሚጠብቀው በኩል እንደሚያደላ ደረሰበት። ይህንንም ደብቆ አላስቀረውም፤ ጽፎ አሳተመው፤ ከዚያ የራስ ቅሉን ነገር ተወው።

ይህን ስናነብ ካሊፐር ስላልያዝን ነገሩ የሌላ ዘመን ይመስለናል። እኔ ግን ያን የገበያ ቀን የልጁን እናት የተቀደደ ጫማ፣ የመጣችበትን ቆላ፣ የልጁን ዝምታ ቀድሜ አይቼ ነበር። እስክሪብቶዬ ያደላው ወደዚያው ነው።

የ1905ቱ መለኪያ

በፈረንሳይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ1882 ሕግ ግዴታ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ ልጆች ሁሉ ክፍሉን ሞሉት። ከእነሱ ውስጥ የማይከተሉ ነበሩ። ምን ይደረጉ? አንዳንዱ ከአእምሮ ሕሙማን ተቋም ይግቡ ይላል። መምህሩ የሚረብሸውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ይመዘግባል፤ ሐኪሙም ለአንዱ ልጅ ዛሬ አንድ ስም፣ በሌላ ሆስፒታል ሌላ ስም ይሰጠዋል። በ1904 የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም ቢኔም አባል ሆነ።

ረዳቱ ቴዎዶር ሲሞን የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ፔሬ ቮክሉዝ በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ይሠራ ስለነበር ልጆቹን ቀርቦ ያውቃቸዋል። ሁለቱ በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎችና ተግባሮች ያሉት መለኪያ አወጡ። ከቀላል ይጀምራል፦ የበራ ክብሪት በዓይን መከተል፣ እጅ መጨበጥ። ከዚያ በሥዕል ላይ ያለውን ዕቃ መጥራት፣ ሦስት ቁጥሮች ሰምቶ መድገም፣ የሁለት ሳጥን ክብደት ማወዳደር፤ መጨረሻ ላይ ረቂቅ ቃላትን መለየት ድረስ ይሄዳል። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ያልተማረን ልጅ ባለመማሩ መቅጣት አልፈለጉም።

የአሠራሩ ሥርዓት ከጥያቄዎቹ እኩል ያስደንቀኛል። ልጁ የሚጠየቀው ብቻውን ነው፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በደግ ፊት። መጀመሪያ እንዲላመድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከፈራም ይደፋፈራል። ወረፋው አጥር የደረሰ ሐኪም ይህን ሥርዓት ሲያነብ የሚሰማውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በ1908 ጥያቄዎቹን በዕድሜ መደቧቸው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመልሳል፣ የሰባት ዓመቱ ያንን፣ እያሉ እስከ 13 ዓመት። በ1911 እንደገና አሻሻሉት። በየጊዜው ማሻሻላቸው ራሱ መለኪያውን ያለቀለት ነገር አድርገው እንዳላዩት ያሳያል። ቢኔ በተለይ ሦስት ነገሮችን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አንደኛ፣ ይህ ቁመት እንደሚለካ ዓይነት መለካት አይደለም፤ ብልህነት ብዙ ነገር ነው፣ በአንድ መስመር አይደረደርም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የልጁን የዛሬ ሁኔታ ብቻ ይናገራል፤ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ነገስ ምን ይሆናል ለሚለው መልስ የለውም። ሦስተኛ፣ ልጆች የሚወዳደሩት አስተዳደጋቸው ሲቀራረብ ብቻ ነው። ለዚህኛው ማስረጃው ከብራስልስ መጣለት። ኦቪድ ደክሮሊና የሥራ ባልደረባው የሀብታም ቤት ልጆችን በዚሁ መለኪያ ቢፈትኑ፣ ከፓሪስ የድሃ ሰፈር ልጆች በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቀድመው ተገኙ። ቢኔ ከዚህ የተረዳው ቤትና ትምህርት የሚያደርጉትን ነው።

ከለኩ በኋላስ? ቢኔን ከብዙ ተከታዮቹ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። መለኪያውን የሠራው ልጁ ተጨማሪ እርዳታ እንዲያገኝ ነበር። በ1909 ፈረንሳይ ለእነዚህ ልጆች ልዩ ክፍሎች እንዲከፈቱ ሕግ አወጣች። እሱም በዚያው ዓመት ስለ ልጆች በጻፈው መጽሐፍ፣ የልጅ ብልህነት ሲወለድ የተቆረጠ ነው የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ። የተጣመመ እግርን የአጥንት ሐኪም በልምምድ እንደሚያቃና ሁሉ፣ ትኩረትንና ማስታወስን በልምምድ ማሳደግ ይቻላል አለ። ልምምዶቹ ቀላል ነበሩ። ልጆቹ እንደ ሐውልት ሳይነቃነቁ የሚቆሙበት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ዕቃዎች ለጥቂት ሰከንድ አይተው ያዩትን ይጽፋሉ። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ። ሒሳቡና ንባቡ የሚመጡት ልጁ መቀመጥና ማዳመጥ ከለመደ በኋላ ነው።

ሌላው ገጽታው የሚያስገርም ነው። ይህ ዝምተኛ ሰው ከአንድሬ ደ ሎርድ ጋር ሆኖ ስለ እብደትና ስለ ፍርሃት ቲያትሮች ይጽፍ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ በሚያስደነግጡ ተውኔቶቹ በሚታወቀው በግራን ጊኞል ታይተዋል። ኦክቶበር 18 ቀን 1911፣ በ54 ዓመቱ፣ በስትሮክ ሞተ። የመጨረሻው የመለኪያው ማሻሻያ የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ከሞተ በኋላ የሆነው

ቢኔ ከሞተ በኋላ መለኪያው ባሕር ተሻገረ። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን በትክክለኛው ዕድሜ ማካፈልን አመጣ። በ1916 የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በመቶ አባዝቶ አይኪውን አስፋፋ። ቢኔ ብዙ ነገር ነው ያለው፣ አንድ ቁጥር ሆነ። ከዚያ በፊት መለኪያውን ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጎመው አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ ደግሞ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኤሊስ ደሴት መግቢያ ላይ ከመርከብ በወረዱ ስደተኞች ላይ ሞክሮት ነበር። ባሕር ያንገላታቸው፣ ቋንቋው የማይገባቸው፣ አንዳንዶቹም በሕይወታቸው እርሳስ ያልያዙ ሰዎች ከዕለታት በአንዱ ቀን ተጠይቀው ደካማ አእምሮ ያላቸው ተባሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 1.75 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ወታደሮች በጅምላ ተፈተኑ። በ1924 የስደተኞችን መግቢያ ያጠበበው ሕግ ሲወጣ፣ እነዚህ ቁጥሮች በክርክሩ ውስጥ ነበሩ። በ1927 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደካማ አእምሮ አላቸው የተባሉ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው መካን እንዲደረጉ ፈቀደ። ሲሞን እስከ 1961 ኖሮ ይህን ሁሉ አይቷል፤ አይኪው የሚባለው ነገር የመጀመሪያውን ዓላማ እንደ መክዳት እንደሚቆጥረው መናገሩ ተጽፏል።

ቁጥሩ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ2002 ሪቻርድ ሊንና አንድ ባልደረባው ለአገሮች ሁሉ አማካይ አይኪው ሰጥተው ሲያሳትሙ፣ ለኢትዮጵያ 63 ጻፉ። መሠረቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አልነበረም። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወጣቶች፣ አገሩና አኗኗሩ ገና እንግዳ ሆኖባቸው ሳሉ የተሰጣቸው የሥዕል ፈተና ነው። ከዚያው ከቤተ እስራኤል ወገን አንደኛ ክፍል በገቡ ሕፃናት ላይ በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት ግን እንደ ቢኔ ነው የጠየቀው። መጀመሪያ ፈተኑ፤ ቀጥሎ የጥያቄውን ዓይነት እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩ፤ ከዚያ መልሰው ፈተኑ። እስራኤል ከተወለዱት እኩዮቻቸው ጋር የነበረው ልዩነት ጠበበ። ሁለቱን ጥናቶች ለተማሪዎቼ ጎን ለጎን ሳስቀምጥላቸው፣ የበለጠ የሚገርማቸው ሁለተኛው እምብዛም አለመታወቁ ነው።

ወደ አገሬ ደጋ ልመለስ። በዚያ ለልጅ አእምሮ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ በጣም ተራ ነው። ዝናብና ጎርፍ ከአፈራችን አዮዲንን አጥቦ ስለሚወስድ፣ እንቅርት የደጋ ሰው ጌጥ እስኪመስል ድረስ የተለመደ ነበር። ድሮ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ከጦርነቱ በኋላ ቀረ፤ ከአፋር የሚመጣው ደግሞ አዮዲን የሌለው ሆነ። በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 40 ገደማ እንቅርት ተገኘባቸው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አንጎል እንደሚጎዳ ሁላችንም ተምረናል። አባቶቻችን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ለችግር ድርብርብ ነው፤ እኛ አገር ግን አንዳንዱ ልጅ ቃል በቃል ሁለቱንም ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። መምህሩም ሰነፍ ይለዋል።

ይህን የምጽፈው መምህራንም ስለምታነቡት ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የተሰጠው በየግቢያችሁ ስለነበር ልጆቹን በዓይናችሁ አይታችኋቸዋል። ከወሎ ከመጡት ብዙዎቹ ትምህርት ቤታቸው በጦርነቱ ተጎድቶባቸው ነበር። ያን ቁጥር ይዞ ትውልዱ ሰነፍ ሆነ ማለት ቀላል ነው፤ በየሻይ ቤቱም ተብሏል። ቢኔ በሕይወት ቢኖር ኖሮ፣ እንደ አመሉ፣ መጀመሪያ ፈተናውንና ፈታኙን ይመረምር ነበር ብዬ አስባለሁ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን ጎደለው ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ክፍል ይከፍታል።

የኔን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። የምልክት ቋንቋ የሚማርበት ክፍል የተገኘው ራቅ ካለ ከተማ ነበር። እናቱ ልትለየው ስላልቻለች ሌላ ሁለት ዓመት ሄደ። ትምህርት የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሰባት ዓመቱ መጀመር ይችል ነበር። ካርዱን ፈልጌ አገኘሁት፤ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ቀንና ፊርማዬን አድርጌ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍኩ። የድሮው ጽሑፍ ከመስመሩ ሥር ይነበባል፤ እንዲነበብም ፈልጌ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማይናገር ልጅ ሲመጣልኝ፣ ወረፋው አጥር ቢያልፍም እንኳ፣ ከኋላው ቆሜ አጨበጭባለሁ፣ ጆሮውን አያለሁ፣ አንገቱን እዳስሳለሁ፣ እናቱን የቤቱ ጨው ከየት እንደሚገዛ እጠይቃለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች ይህን እስኪለምዱ ድረስ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚለውን ቃል ካርድ ላይ እንዳይጽፉ ለምኛቸዋለሁ። እናንተንም፣ በየሆስፒታላችሁና በየክፍላችሁ፣ ይህንኑ እለምናችኋለሁ። በመገናኛችን ዕለት በአካል እስክንተያይ ድረስ ደኅና ሰንብቱልኝ።